የማክሰኞ ሰው

ሳይሚ የቤተ መጻሕፍቱ አማካሪ ቦርድ ውስጥ የገባችው ሕዝብ ላገልግል ብላ አይደለም። እዚያው ስለተገኘች ነው። ሌፓላ በምትባለው ትንሽ ከተማ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አውቶቡስ የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ መዋያው ቤተ መጻሕፍት ነው። እሷም እንደ ልማዷ ካልሲዋን ማሞቂያው ላይ አስጥታ፣ እግሯን ሰቅላ ስታነብ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ራውኒ አንድ ወረቀት ይዛ መጥታ ፊቷ ቆመች።

“አሥራ ስድስት ሞልቶሻል አይደል?”

“ምን አጠፋሁ?”

“ምንም። ቦርዱ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ አንድ አባል ይፈልጋል። ማስታወቂያ ከለጠፍኩ ቆየሁ፤ ዝር ያለ የለም።”

“እና የተራረፈውን ልሰብስብ ብለሽ መጣሽ።”

“በየስብሰባው ቡናና ፑላ አለ፤” አለች ራውኒ።

ፑላ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ ሳይሚ ደግሞ ለፑላ ሟች ናት። ራውኒ ይህን ታውቃለች፤ የፑላ ፍርፋሪ ከመጽሐፍ መሐል ስታራግፍ ነው የኖረችው። ሳይሚ ወረቀቱ ላይ ፈረመች፤ ከዚያም የት ላይ እንደ ፈረመች ረሳችው።

ነገሩ ግን ከፑላ ያለፈ ነበር። ሳይሚና ታናሽ እህቷ ሄርታ የሚኖሩት ከከተማው ርቆ፣ ሐይቁን ዞሮ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። እናታቸው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ አባታቸው ሰሜን ማዕድን ቁፋሮ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ መጥቶ ሁለት ቀን ይተኛና ይመለሳል። ትምህርት ቤት ስምንት ሰዓት ላይ ይለቃል። አውቶቡሱ የሚነሣው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መሐል ላይ ያለው ጊዜ የት ይለፍ? ትምህርት ቤቱ ይቆለፋል። ባለ ሱቁ ሳይገዛ በር ላይ የሚቆም ልጅ አይወድም። የአውቶቡስ መጠለያው ጣሪያና ሁለት ግድግዳ አለው፤ ነፋሱ ግን ምን ጊዜም የሚመጣው ግድግዳ በሌለበት በኩል ነው። ስለዚህ የቀረው ቤተ መጻሕፍት ነው። ራውኒም ብትሆን ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮቷን ለብሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ካርዱን በሩ ላይ አስነክቶ፣ የሚስጥር ቁጥሩን መትቶ ይገባል፤ መጽሐፉንም ራሱ መዝግቦ ይወስዳል። ጠባቂ የለም። ጠባቂም አያስፈልግም ነበር፣ እስከ ቋሊማው ቀን ድረስ።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ትንንሽ ሞተር የሚነዱ ሦስት ጎረምሶች ራባቸው። እንደ ሰው ሱቅ ሄዶ ዳቦ መግዛት ነበር። እነሱ ግን ቋሊማ ይዘው መጥተው ከራውኒ የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ ላይ ማሰሮውን አነሡና፣ ከሥሩ ባለው ትኩስ ብረት ላይ ቋሊማቸውን ደረደሩ። ከዚያ ሞተር ሊያሳዩ ወጡ። ቋሊማው አረረ፣ ጢሱ ጣሪያ ነካ፣ ደወሉ ጮኸ። የእሳት አደጋ መኪና ከጎረቤት ከተማ ድረስ እያቃጨለ መጥቶ ያገኘው ሦስት ጥቁር ነገር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣ። ራውኒ በሌለችበት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ያለ ትልቅ ሰው እንዳይገባ የሚል ደንብ አረቀቀ። ከማጽደቁ በፊት የአማካሪ ቦርዱን አስተያየት ጠየቀ።

ሳይሚ የት ላይ እንደ ፈረመች ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ስብሰባው በታኅሣሥ፣ ንባብ ክፍሉ ውስጥ ሆነ። ከሷ ሌላ አራት አባላት አሉ። ሰብሳቢው ኦይቫ ነው። ኦይቫ የአደን ማኅበሩም፣ የመዘምራኑም፣ የዓሣ አጥማጆቹም ሰብሳቢ ስለሆነ የስብሰባ መዶሻውን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው፤ አንዳንዴ ሱቅ ሰልፍ ላይ ሳይታወቀው ኪሱን ይዳብሳል። ከጎኑ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሾፌሩ ታውኖ ተቀምጧል። ታውኖ በትረካ የተቀዱ መጻሕፍት እየተዋሰ መንገድ ላይ ያዳምጣል፤ ቦርዱ ውስጥ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ ግን የራሱን ድምፅ የሰማው ሰው የለም። ፀጉር ቤት ያላት ሚርቫ ቀን ሙሉ ስታወራ ስለምትውል ስብሰባ ላይ ምላሷን ታሳርፋለች። አራተኛዋ ኤስቴሪ ናቸው። ኤስቴሪ የሰማንያ አንድ ዓመት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ ከራውኒ ጀምሮ እዚያ ያለውን ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሌላው በስሙ አንተ አንቺ ሲባባል እሳቸውን ብቻ ሁሉም “እርስዎ” ይላቸዋል። ኦይቫ እንኳ ኤስቴሪ ሲያዩት ክርኑን ከጠረጴዛ ላይ ያነሣል።

ራውኒ ጸሐፊ ናት፤ ድምፅ የላትም።

ሳይሚ ተነሣች። መነሣት አያስፈልግም ነበር፤ ተነሣች።

“ቋሊማ የጠበሱት ሦስት ናቸው፤” አለች። “ስማቸውን እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንዱ የኦይቫ የእህት ልጅ ነው።”

ኦይቫ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“የሦስቱን ካርድ ዝጉ። በቃ። ሌሎቻችን ምን አደረግን? አውቶቡስ የምንጠብቀው ልጆች የምንሄድበት የለንም። ሄርታ እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከጥር በኋላ ያለውን ብርድ ታውቁታላችሁ። እሷ ቋሊማ መጥበስ ቀርቶ ሲጠበስ ስታይ ታለቅሳለች፤ አሳማው ያሳዝናታል። ይቺን ነው በዚህ ደንብ ወደ ውጭ የምታስወጧት? የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ጨረስኩ።”

ተቀመጠች። ፑላዋን አነሣች።

ሚርቫ ዓይኗን በመሐረብ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። ታውኖ ራሱን ከላይ ወደ ታች ወዘወዘ። ከዚያ የሌፓላ ሰው ሲስማማ የሚያደርገውን አደረጉ፤ “ዮ” አሉ፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚምግ ሰው። ሚርቫ “ዮ”፣ ታውኖ “ዮ”፣ ኤስቴሪም “ዮ”።

ሳይሚ ልቧ በደስታ ሞላ። አለቀ፣ አሸነፍኩ አለች።

“የቀረቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው፤” አለ ኦይቫ። “የማዘጋጃ ቤቱና የሳይሚ። የሳይሚ ሐሳብ ድጋፍ አለው?”

ዝም።

ሚርቫ ታውኖን አየችው። ታውኖ ስኒውን አየ። ኤስቴሪ መስኮቱን አዩ። የማሞቂያው ቧንቧ ተንኳኳ። ሳይሚ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፤ ዝምታውን እንኳ ወደደችው፤ እንዲህ በሰላም የሚስማማ ሰው አይታ አታውቅም።

ኦይቫ መዶሻውን ጠረጴዛ ላይ አሳረፈ።

“ድጋፍ ስላላገኘ ወድቋል። የማዘጋጃ ቤቱ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ቀጣይ አጀንዳ፣ የመጽሔቶች ግዢ።”

“ቆይ ቆይ ቆይ!” ሳይሚ የጎረሰችውን ሳትውጥ ተነሣች። “ምንድን ነው ወደቀ ማለት? ማነው የጣለው?”

“ማንም አልጣለውም። የሚያነሣው አጣ።”

“ሁላችሁም ዮ ብላችኋል!”

“ዮ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም። አንድ ሰው እደግፋለሁ ማለት አለበት። አንድ ይበቃል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። ማንም ካላለ ይወድቃል።”

“እሺ እኔ እደግፋለሁ!”

“የራስሽን ሐሳብ?”

“ከኔ በላይ ማን ይደግፈዋል?”

“አይቻልም።”

“በቃ መልሰህ ጠይቃቸዋ! እዚሁ ተቀምጠው የለ እንዴ!”

ኦይቫ እንደ ማዘን ብሎ ወደ መዶሻው አየ። ሌሎቹም አዩ። “ተመቷል፤” አለ፤ ሁሉም በዝምታ እንደዚያው ነው የሚል ፊት አሳዩ። የሌፓላ ሰው ቤቱ ቢቃጠል ይሠራዋል፤ የተመታ መዶሻ ግን አይመልስም።

ኮት መስቀያው ጋ ሳይሚ በር ዘግታ ቆመች።

“ሚርቫ፣ ለቅሶሽ ምን ነበር? ጉንፋን ነው?”

“አይ የኔ ማር፣ አንጀቴን በልተሽው ነው! ታውኖ ይላል ብዬ ነዋ። እኔ ካልኩ ደግሞ ይቺ ሴት ሁልጊዜ ትቀድማለች ይባላል።”

“ስድስት ዓመት አንድ ቃል ያላለው ታውኖ ይላል ብለሽ ጠበቅሽ?”

ታውኖ ቆቡን በእጁ ያዞራል። “ሚርቫ ትላለች ብዬ ነበር፤” አለ። “ተናጋሪ ናት።”

የታውኖን ድምፅ ሲሰሙ ሁሉም ዞረው አዩት፤ ቀላ። ኤስቴሪ ምንም ምክንያት አላቀረቡም። የሳይሚን የአንገት ልብስ አጥብቀው አሰሩላትና “ጉሮሮሽን ሸፍኚ” ብለው ወጡ።

ማዘጋጃ ቤቱ የሚፈልገውን አገኘ። አማካሪ ቦርዱም በሙሉ ድምፅ ደግፏል ተብሎ የአካባቢው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሄርታ ጮክ ብላ አነበበችው። “ሙሉ ድምፅ የሚሉት ያንቺንም ነው?”

“ዝም በይና ብዪ።”

ደንቡ ሥራ የጀመረው በየካቲት መጀመሪያ ሰኞ ነው። ብርዱ የአፍንጫ ፀጉር የሚያደርቅ ዓይነት። ሳይሚ ካርዷን በሩ ላይ ስታስነካ ቀይ በራ። ደግማ አስነካች፤ ቀይ። ሄርታ የራሷን ሞከረች፤ ቀይ። ከኋላ የቆሙት የአውቶቡስ ልጆች በእግራቸው በረዶውን ይረግጣሉ።

ያኔ ሚርቫ የፀጉር ቀለም ያለበት ሽርጧን እንደ ታጠቀች እየሮጠች መጣች። “ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት። ከትልቅ ሰው ጋር ይገባል ነው የሚለው አይደል? ግቡ፣ ግቡ። ለማንም እንዳትናገሩ።” ካርዷን አስነካች፤ አረንጓዴ። ገቡ።

ገና ጓንታቸውን ሳያወልቁ ውጭ አንድ ትልቅ ሞተር ጠፋ። ታውኖ ገባ። ሚርቫን ሲያይ ሊመለስ ቃጣውና፣ “መጽሐፍ ልመልስ ነው” አለ፤ እጁ ላይ መጽሐፍ የለም። ትንሽ ቆይቶ ኤስቴሪ በእግር የሚገፋ የበረዶ ላይ መንሸራተቻቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ፤ ስለ ምን እንደ መጡ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። መጨረሻ ላይ ኦይቫ። ኦይቫ ጋዜጣ ዘርግቶ ከኋላው ተደበቀ። ሄርታ ሄዳ በጋዜጣው ጎን አጮለቀች።

“ገልብጠህ ነው የያዝከው።”

“ሥዕሉን እያየሁ ነው፤” አለ ኦይቫ።

ያን ቀን ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ትልቅ ሰው ደረሰው። ማንም ስለ ታኅሣሡ ስብሰባ ትንፍሽ አላለም። ሚርቫ የሄርታን ፀጉር ጎነጎነች፣ ኤስቴሪ የአንዱን ልጅ የሒሳብ ደብተር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ሁሉም ደኅና እደሩ ተባብለው ተበተኑ። ሳይሚ አውቶቡሱ ውስጥ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ክፉ አይደሉም ብላ አሰበች። ነገ ማን ይመጣል ብላ ግን አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ማንም አልመጣም።

መጀመሪያ ዘግይተው ነው አሉ። ከዚያ ሳይሚ ሚርቫ ፀጉር ቤት ድረስ ሮጣ ሄደች፤ ዝግ ነው፤ ለዕቃ ግዢ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዳለች። ራውኒ ቤቷ ሩቅ ነው። ተመልሳ ልጆቹን ወደ ሱቁ ወሰደች፤ ባለ ሱቁ ማስቲካ እስኪገዙ ታገሠ፣ ማስቲካው ተገዝቶ ሲያልቅ “እንግዲህ ልጆች” አለ። ወደ መጠለያው ሄዱ። ነፋሱ ግድግዳ በሌለበት በኩል መጣ። ትልልቆቹ ዘለሉ፣ ተገፋፉ፣ ተሳደቡ፤ ትንሽ ይሞቃል። ሄርታ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ዝም አለች። ሳይሚን ያስፈራት ዝም ማለቷ ነው። ሄርታ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። ፊቷን ወደ መብራቱ አዙራ ስታያት ጉንጯ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ ሳንቲም የሚያህል፤ ስትነካው ደንዝዟል፤ ብርዱ ቆዳዋን መያዝ ጀምሯል።

እጇን ከጓንቱ አውጥታ ጉንጯ ላይ ለጠፈችና በሌላው እጇ ስልኳን አወጣች። የታውኖ ቁጥር በረዶ ጠራጊው በር ላይ በትልቁ ስለተጻፈ ሌፓላ ውስጥ የማያውቀው የለም።

“የት ነህ?”

ሞተር ይሰማል፤ አንድ ሰው በትረካ የተቀዳ መጽሐፍ ያነባል። ንባቡ ተቋረጠ።

“ሰሜኑ መንገድ ላይ።”

“ለምን አልመጣህም?”

“ኤስቴሪ ይመጣሉ ብዬ።”

“ኤስቴሪ ማን ይመጣል ብለው እንደ ቀሩ ልንገርህ? አንተ ትመጣለህ ብለው ነው! ሚርቫም አንተ፣ ኦይቫም አንተ። ትናንት አራት ሆናችሁ ቤቱን ሞላችሁት፣ ዛሬ የሁላችሁም ልብ ሌላው አለ ብሎ ተኛ። የእህቴ ጉንጭ ነጭ ሆኗል፣ ታውኖ።”

ስልኩ ተዘጋ። ሳይሚ ሰደበችው፤ ግን ብዙ ሳይቆይ የበረዶ ጠራጊው ቢጫ መብራት እየተሽከረከረ መታጠፊያው ላይ ታየ፤ መጥረጊያ ብረቱን ሳያነሣ ነው የመጣው፣ ያላሰበውን መንገድ ሁሉ እየጠረገ። ታውኖ ወርዶ ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተ፣ ልጆቹን አስገባ፤ ሄርታን ግን ሞቅ ወዳለው የመኪናው ወንበር አንሥቶ አስቀመጣትና ሰፊ መዳፉን ጉንጯ ላይ ዘረጋ። አላሸውም፤ መታሸት እንደሌለበት ያውቃል። እንዲያው ያዘው። ቀስ በቀስ ነጩ ጠፋ፣ ቀላ፣ ሄርታም “ያመኛል!” ብላ ጮኸች።

“ጥሩ ነው፤” አለ ታውኖ።

“ጥሩ አይደለም፤ ያማል አልኩህ!”

ሳይሚ ከሄርታ እግር ስር ተቀምጣ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች። ከዚያ ንዴቷ ተመለሰ፤ ንዴት ይሻላታል።

“የመጋቢቱ ስብሰባ ላይ ሐሳቤን መልሼ አመጣለሁ። ኦይቫ ድጋፍ አለው ሲል አንተ እደግፋለሁ ትላለህ።”

ታውኖ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። በረዶው ይወርዳል።

“ሚርቫ—”

“ሚርቫን አላልኩም። አንተ። ታውኖ። በአፍህ።”

“እሺ።”

“በል እስቲ አሁን።”

“አሁን?”

“ልምምድ ነው።”

“እደግፋለሁ፤” አለ ታውኖ ለመኪናው መሪ።

“አልተሰማም!” አለች ሄርታ ከላይ።

“እደግፋለሁ!”

“አሁን ጥሩ ነው፤” አለች ሄርታ፣ ጉንጯን ይዛ።

የካቲት እንዲሁ አለፈ። አንዳንድ ቀን ሦስት ትልልቅ ሰዎች እኩል በር ላይ ይጋጫሉ፤ አንዳንድ ቀን ሳይሚ ስልኳን እያወጣች ስም ትጠራለች። ማንም አልጠላትም፤ ሲጠራ ሁሉም ይመጣል። ሳይጠራ ግን ሌላው ይሄዳል ብሎ ይቀራል።

በመጋቢት ቦርዱ ተሰበሰበ። ሳይሚ አልተነሣችም፤ ተቀምጣ ያንኑ ሐሳብ አቀረበች፤ በጣም አሳጠረችው።

“ድጋፍ አለው?” አለ ኦይቫ።

“እደግፋለሁ!” ታውኖ እንዲህ ስለጮኸ ራውኒ እስክሪብቶዋን ጣለች።

ሚርቫ አጨበጨበች፤ ኦይቫ ሲያያት እጇን ጭኗ ስር ከተተች። “እንግዲህ ውይይት፤” አለ።

“እኔ እቃወማለሁ፤” አሉ ኤስቴሪ።

ሳይሚ ጆሮዋን አላመነችም። “እርስዎ? ታኅሣሥ ላይ ዮ ብለዋል እኮ!”

“ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደረጃ ወጥቼ መምጣቴ ነበር።” ኤስቴሪ መነጽራቸውን አወለቁ። “ያኔም አልተስማማሁም። ዝም ያልኩት ሌላው ስለተወው ነው፤ ያም ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን አስቢው ልጄ። የሚያርር ቋሊማ ብቻ አይደለም ያለው። አንድ ሕፃን ደረጃ ላይ ቢወድቅ፣ ትንታ ቢይዘው፣ ማን አለ? ባዶ ቤት ውስጥ ልጅ ለብቻው አይተውም። እኔ ሰኞ ሰኞ በዚያ በረዶ እየተንሸራተትኩ የመጣሁት ለዚህ ነው።”

“ታዲያ ብርድ ላይ ይተዋል?”

“ብርድ ላይም አይተውም። ስለዚህ ይግቡ፣ ግን በየቀኑ አንድ ኃላፊ ይኑር። ስም ያለው።”

ሳይሚ ፑላዋን መልሳ አስቀመጠች። ሴትዮዋ ልክ ናቸው፤ ያናድዳል ግን ልክ ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ሄርታ ዝም ስትል ራሷ የፈለገችው እኮ አንድ ስም ያለው ትልቅ ሰው ነበር።

“ኃላፊው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከሆነ ይበቃል፤” አለች ራውኒ የማዘጋጃ ቤቱን የሥራ መመሪያ እያገላበጠች። “ትልቅ ሰው የግድ አይደለም።”

ያኔ ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ሳይሚ ዞረ።

“አውቶቡሱን ስትጠብቅ በየቀኑ እዚያው ናት፤” አለች ሚርቫ።

“ልጆቹም ይሰሟታል፤” አለ ኦይቫ።

“ድምፅዋ ይሰማል፤” አለ ታውኖ፣ ከልቡ።

ሳይሚ በሐሳቧ አየችው፤ መጽሐፏ ተዘግቶ፣ የማንም ንፍጥ ስትጠርግ፣ የጠፋ ጫማ ስትፈልግ፣ ተው አትሩጥ፣ ተይ አትጎትቻት፣ በየቀኑ፣ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ። እሷ እኮ የፈለገችው ሙቀትና ማንም የማያናግራት ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። እምቢ ብትል ደግሞ ደንቡ ባለበት ይቀራል።

“እንግዲያው ሳይሚ በሥራ ቀናት ሁሉ ኃላፊ እንድትሆን፤” አለ ኦይቫ። “ተቃውሞ አለ?”

ዝም። ያው የታኅሣሡ ዝምታ። ሚርቫ ስኒዋን አየች። ታውኖ ቆቡን። መዶሻው ከጠረጴዛው ተነሣ፤ ኦይቫ ደግሞ መዶሻ ሲያነሣ ፈጣን ነው።

“አለ!” ሳይሚ በመዶሻውና በጠረጴዛው መሐል እጇን ዘረጋች። ኦይቫ ለጥቂት ነው የሳታት።

“ጣትሽን ልሰብረው ነበር!”

“ትሰብረዋለህ እንጂ አታስፈርመኝም። ስሙ። ሰኞና ረቡዕ እኔ እይዛለሁ። እኔ ብቻ ግን አይደለሁም። ሚርቫ፣ ሐሙስ ሱቅሽ ግማሽ ቀን ነው፤ ሐሙስ ያንቺ ነው። ኤስቴሪ፣ ዓርብ እርስዎ ይሁኑ፤ እርስዎ ነዎት ስም ይኑር ያሉት። ኦይቫ፣ ሰው የታመመ ቀን አንተ ትተካለህ፤ ጋዜጣህን ይዘህ ና። ማክሰኞ...” ዞር አለች። “ታውኖ።”

ታውኖ በረዶ የጠረገለትን አገር ሁሉ ያሰበ መሰለ።

“በረዶ ቢጥል?” አለ።

“ቀድመህ ጥረግ።”

“ማክሰኞ፤” አለ ታውኖ። “እይዛለሁ።”

ራውኒ ጻፈች። ድምፅ ተሰጠ፤ የተቃወመ አልነበረም፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ በአፉ ነው የተናገረው፤ ሳይሚ አንድ በአንድ አስብላቸዋለች። ከዚያ ኦይቫ መዶሻውን እንዲመታ ፈቀደችለት።

ማዘጋጃ ቤት ግን ማዘጋጃ ቤት ነው። አስተያየቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ አንድ ሰው ዕረፍት ሲወጣ፣ አንዱ ሲመለስ፣ ፈቃዱ የወጣው በግንቦት ነው። ግንቦት ላይ በረዶው ቀልጦ፣ የሐይቁ ውኃ ከበረዶ ተላቆ፣ ፀሐይ ቢመሽም አልጠልቅም ብላ ነበር። የአውቶቡስ ልጆች ቦርሳቸውን በር ላይ ወርውረው ወደ ሐይቁ ዳር ይሮጣሉ፤ ቤተ መጻሕፍት ግቡ ቢባሉ ቅጣት ይመስላቸዋል። ሰኞ፣ በተራዋ ቀን፣ የሳይሚ ካርድ አረንጓዴ አበራ፤ አስነክታ ሞከረችውና ሳትገባ ሄደች።

በማግስቱ ሄርታን ፍለጋ ስታልፍ፣ በመስኮቱ አንድ ሰው አየች። ታውኖ ነው። ልጆቹ የሚቀመጡበት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ጉልበቱ እስከ አገጩ ተጣጥፎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ነፍስ የለም።

በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባች።

“ታውኖ፣ ልጅ የለም እኮ። ሁሉም ሐይቅ ዳር ናቸው። ሂድ ወደ ቤትህ።”

“ማክሰኞ ነው፤” አለ ታውኖ።

“አውቃለሁ። ግን የሚጠበቅ ልጅ የለም።”

“ሊመጣ ይችላል።”

ሳይሚ አንድ የሚያስቅ ነገር ልትመልስለት ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ተወችው። በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችና ወደ ሐይቁ ወረደች።